በወንድሜ ቤት ያለችኝ ክፍል

ባንክ ቤት ብድር የሚሰጠው ጎረምሳ «እርስዎ እኮ ቤት አለዎት» ሲለኝ ሳቅኩበት። የእኔ ሳቅ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወጣ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን ባሌ ፌሌቲ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ።

«የምን ቤት? እኔ ኪራይ ቤት ነው የምኖረው» አልኩት።

«በስምዎ የጋራ የቤት ብድር አለ፤ ከወንድምዎ ከሳቴኪ ጋር።» ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «ይኸውልዎ።»

እውነቱን ነው፣ ስሜ ከወንድሜ ስም ጎን ተቀምጧል። ረስቼው አልነበረም። ሳቴኪ ቤቱን ሊገዛ ሲል ደሞዙ ብቻውን አልበቃ አለ፣ እኔ ታላቅ እህቱ አብሬ ፈረምኩለት። ያኔ አላገባሁም፤ ከእሱ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው እኖር ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ፌሌቲን አግብቼ ወጣሁ። ሳቴኪ ብድሩን አንድ ወር እንኳን ሳያጓድል ይከፍላል፣ እኔ ኪራዬን እከፍላለሁ፤ ነገሩ አለቀ ደቀቀ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ለካ ባንክ ቤት ነገር አያልቅም።

«ስምዎ ከዚያ ሳይወጣ ለሌላ ቤት ብድር ልንሰጥዎ አንችልም» አለኝ። «ወንድምዎ ብቻውን ወይም ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ብድሩን ይረከብዎት። አንዴ ይጠይቁት፣ ቀላል ነው።»

ቀላል ነው ይለኛል። እንደ እኛ ከቶንጋ ደሴት ሰው አልተወለደ፣ ምን ያውቃል።

እኔ ቤት ልግዛ ብዬ የተነሳሁት ጠግቤ አይደለም። የምንከራየው ቤት የሚስተር ካርሜኑ ነው። ማልታዊ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚሁ ማውንት ድሩይት ሰፈር፣ ከጀርባችን ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ጓሮው ውስጥ በእጃቸው የተከሉት በለስ አለ። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ስር ጎደሬዬን ተክያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ የዝሆን ጆሮሽ የበለሴን ውሃ እየጠጣበት ነው» እያሉ ሲነዘንዙኝ ከረሙ። አንድ እሁድ በጎደሬው ቅጠል ሥጋ ጠቅልዬ፣ በኮኮናት ወተት አብስዬ ወሰድኩላቸው። በማግስቱ ቱቦ ይዘው ጎደሬውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ክርክር የለንም።

እኚህ ሰውዬ ናቸው በወሩ መጀመሪያ በሬን አንኳኩተው የመጡት።

«ላታይ፣ አዴሌድ ከተማ ያለችው ልጄ ና እያለችኝ ነው። ጉልበቴም እምቢ ብሏል። ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው። እኔም ተቀመጥኩ፣ ቆሜ የምሰማው ነገር አልነበረም።

«ለደላላ ሳልነግር ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ። ደላላ ከገባበት የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው በለሴን ነው፤ አውቃቸዋለሁ፣ መኪና ማቆሚያ ነው የሚያደርጉት።»

«ጎደሬዬስ?» አልኳቸው።

«እሱንማ ባይጣፍጥ ኖሮ እኔው ቆርጬው ነበር።»

ያን ቤት ፈለግኩት። ምን እዋሻለሁ፣ ከፌሌቲ በኋላ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። የኩሽናው መስኮት የሚያየው በለሱን ነው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌው ከወፎቹ ጋር ሲጣሉ እየሰማሁ ነው ቁርስ የምሠራው። ሌላ ሰው ገብቶ እኛን ሲያስወጣን ሳስበው ቁርሱ ያርብኛል።

እንግዲህ ወንድምሽን ጠይቂዋ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ወንድም እህቱን እምቢ አይልም። እህት ከወንድሟ ከፍ ያለች ናት፤ ያለችው ይሆናል። አእምሮ ያላት እህት የማትጠይቀውም ለዚሁ ነው። «ስሜን አውጣልኝ» ብለው ሳቴኪ «እሺ» ይላል። ባንኩ ብቻህን አልሰጥህም ቢለው ቤቱን ይሸጥና ሚስቱንና አራት ሴት ልጆቹን ይዞ ኪራይ ቤት ይገባል እንጂ ለእኔ ትንፍሽ አይልም። እህቱ ብላለቻ።

ደግሞም እኔና ሳቴኪ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንዲህ ያለ ነገር አናወራም። አንቀላለድም። እኔ ስገባ እሱ ቴሌቪዥን ያጠፋል፣ ሸሚዙን ይቆልፋል። ክብር ነው፣ ያደግንበት ነው። የሚነገር ነገር ሲኖር በሚስቱ በሌሲየሊ በኩል ይነገራል።

ስለዚህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌሲየሊ ኩሽና ገባሁና አብሬያት ጎደሬ መላጥ ጀመርኩ። ሌሲየሊ ወሬ የሚጣፍጣት፣ ደግ ሴት ናት። ግን ነገር ሳይጨርሱላት ትጨርሰዋለች።

«ሌሲየሊ፣ የእኔ ነገር አልተመቸኝም» አልኳት።

«የቱ ነገርሽ?»

«የቤቱ። ስሜ እዚህ፣ እኔ ኪራይ ቤት፤ እንዲህ ተንጠልጥዬ እስከ መቼ? አንድ መላ ቢበጅለት ጥሩ ነበር። አንቺ ለሳቴኪ ጠቆም አድርጊልኝ። እንዳይጨናነቅ ግን።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ፌሌቲ ያውቃል?»

«እሱማ ከእኔ ብሶ ቸኩሏል።»

ተነስታ አቀፈችኝ። እጇ እንደረጠበ፣ አጥብቃ። ለዚህ ይሄን ያህል ምን አስተቃቀፈን ብዬ ገርሞኛል፣ ግን ደስ አለኝ። ገባት አልኩ። ተሳስቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግራ ሆነ። አርብ ወንዶቹ ተሰብስበው ካቫቸውን፣ ያን ከሥር የሚጨመቅ መጠጣችንን፣ እየጠጡ በሚዘፍኑበት ጊዜ ሳቴኪ ለሁሉም እየሞላ ሲያሳልፍ ፌሌቲ ጋ ሲደርስ የጽዋውን ጭላጭ ሰጠው አሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፌሌቲ እጁን ቢዘረጋለት ጣሪያውን አየ።

«ወንድምሽ ምን ነካው?» አለኝ ፌሌቲ መኪና ውስጥ። «ዶሮውን የሰረቅሁበት ነው የመሰለው።»

«ሰርቀህ እንዳይሆን።»

«እንዲህ እያልሽ ቀልጂ። ደግሞ ትናንት ቀለም ሲገዛ አየሁት። ሁለት ትልልቅ ባልዲ። ሰላም ብለው ባልዲውን አነሳና ሄደ።»

ይሄኔ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ። ሰው ቤቱን የሚቀባው መቼ ነው? ሊሸጠው ሲል ነዋ። ጠቆም አድርጊው ያልኳትን ሰምቶ፣ ብቻዬን አልችልም ብሎ፣ ቤቱን ሊሸጠው ነው። የፈራሁት ደረሰ። ልጆቹ ያደጉበት ቤት፣ በእኔ ምላስ ሊሄድ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለኝ፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በነጋታው ሚስተር ካርሜኑ ጋ ሄድኩ። በለሳቸው ስር ተቀምጠዋል።

«ሚስተር ካርሜኑ፣ ይቅርብኝ። ደላላዎን ይጥሩ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ብድሩን ከለከሉሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ ግን ጢማቸው ይንቀሳቀሳል።

«ወንድምሽን አልጠየቅሽውም ማለት ነው?»

«አይጠየቅማ።»

«እኛ ሀገር እህት ወንድሟን መጀመሪያ ትሰድበዋለች፣ ከዚያ ምሳ ይበላሉ፣ ከዚያ ይጠያየቃሉ» አሉ። «ቅዳሜ የወንድምሽ ልጅ ድግስ ነው አላልሽኝም? እስከዚያ እምቢታሽን አልሰማሁም። ጆሮዬም ደህና አይደለም።» ጆሯቸው ደህና ነው፤ ወፍ በለሱ ላይ ስታርፍ ከቤት ውስጥ ይሰማሉ።

ቅዳሜ የቶኪሉፔ ሃያ አንደኛ ዓመት ልደት ነበር። ቶኪሉፔ የሳቴኪ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ነርስ ሆና ሥራ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ጓሮው ድንኳን ተጥሎበታል። ሙሉ የተጠበሱ የአሳማ ግልገሎች፣ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ሸርጣን፣ ሐብሐብ፣ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ስላልበቃ ሳህን በሳህን ላይ ተደራርቧል። ኬኩ አራት ፎቅ ነው። እኔ የአባቷ እህት ስለሆንኩ የዕለቱ ፋሁ ነኝ፤ ፋሁ ማለት ከሁሉ በላይ የምትቀመጥ፣ ምርጡ ሰሌን የሚነጠፍላት፣ የጠየቀችው የማይከለከላት ናት። በሌላ ድግስ ላይ ይሄን ቦታ እንዴት እንደምወደው አልነግራችሁም። ያን ቀን ግን እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።

ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጄን ልታጠብ ወደ ቤት ገባሁ። የቀለም ሽታ አለ። ሳሎኑን አየሁ፣ አልተቀባም። ኩሽናውም የድሮው ነው። የተቀባችው በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ክፍል ብቻ ናት፤ ሳላገባ እኔ የምተኛባት። ቢጫ ሆናለች፣ የምወደው ዓይነት ቢጫ። ላስቲኩ ያልተነሳለት አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የእናቴ ፎቶ። ትቼው የሄድኩት መጽሐፍ ቅዱስ ሳይቀር አቧራው ተወልውሎ ራስጌው ላይ ተቀምጧል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል በሩ ክፍት ነበር። እዚያ አራት ፍራሽ መሬት ላይ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የቶኪሉፔ የሥራ ልብስ መጋረጃው ብረት ላይ ተሰቅሏል፤ ቁም ሣጥን የሚገባበት ቦታ የለም።

ሌሲየሊ ከኋላዬ መጣች። «አየሽው? አይ አንቺ፣ ከድግሱ በኋላ ነበር ሊያሳይሽ ያሰበው።»

«ምንድነው ይሄ?»

«ክፍልሽ ነዋ። ከወጣሽ ጀምሮ ማንም አልተኛባትም። ሳቴኪ ‹ይሄ የእህቴም ቤት ነው፣ ክፍሏ ክፍሏ ነው› ይላል። አሁን እንደምትመለሺ ስነግረው…»

«የት ነው የምመለሰው?»

«እዚህ። ፌሌቲ…» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፌሌቲ ውጪልኝ ሲልሽ።»

«ፌሌቲ? እኔን?»

«ከእኔ ብሶ ቸኩሏል አላልሽም?»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ላስቲኩ ተንጫጫ። ከባንክ ቤቱ ልጅ ጀምሬ እስከ በለሱ ነገርኳት። ሌሲየሊ እየሰማችኝ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«ታውቂያለሽ?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ቶኪሉፔ ሥራ ከያዘች ጀምሮ አባቷን ስትለምን ነው የኖረችው። በአክስቴ ቦታ እኔ ልፈርም፣ እሷ ትረፍ ትለዋለች። ባንኩም ይቻላል ብሏታል። እሱ ግን እህቴን ከቤቴ ውጪ የሚል አፍ የለኝም አለ። ስለዚህ ዝም ተባለ።»

እኔ እሱ እንዳይጨነቅ ዝም። እሱ እኔ እንዳይከፋኝ ዝም። መሀል ቤት አራት ልጆች ተፋፍገው ተኝተዋል፣ አንድ ባዶ ክፍል ተከብራ ተቀምጣለች። ተናደድኩ፣ ወንድሜን ወደድኩት፣ እንደገና ተናደድኩ።

«በይ ሂጂና ንገሪው» አልኳት።

«እኔ? በእኔ የተላከ መልእክት ምን ሆኖ እንደሚደርስ አይተሽ የለ? ራስሽ ንገሪው።»

«እንዴት አድርጌ? ወንድሜ እኮ ነው።»

«ዛሬ ፋሁ ነሽ» አለችኝ ሌሲየሊ። «ዛሬ ያልጠየቅሽ መቼ ልትጠይቂ ነው?»

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ሳቴኪ ከእንጨት የተቀረጸውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ ከአባቷ ቁልፍ ትቀበላለች፤ ይሄን የጎረቤት ልማድ እኛም ወስደን የራሳችን አድርገነዋል። የሳቴኪ ቁልፍ ክንድ ያክላል፣ ዙሪያውን ዛጎል ተለጥፎበታል፣ ራሱ ነው የሠራው። ቶኪሉፔ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

ተነሳሁና ማይኩን ተቀበልኩ።

«ያን ቁልፍ ለእኔ» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፋሁ የፈለገችውን ትወስዳለች፤ ኬክ ትወስዳለች፣ ሰሌን ትወስዳለች፣ አሳማ ተሸክማ ትሄዳለች፤ የልጅቱን ቁልፍ የወሰደች ፋሁ ግን ታይታ አታውቅም። የቶኪሉፔ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ሳቴኪ ልጁን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ ከዚያ መጥቶ ዝቅ ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ገርጥቷል። አየሁት፤ ቤቱንም ብጠይቀው እንዲሁ ነበር የሚሰጠኝ።

«ቶኪሉፔ፣ ነይ» አልኳት። መጣች። ቁልፉን በሁለት እጇ አስያዝኳት። «ይሄ የእኔ ክፍል ቁልፍ ነው። ዛሬ አንቺና አንዷ እህትሽ እዚያ ትተኛላችሁ። ሰኞ ከአባትሽ ጋር ባንክ ቤት ትሄጃለሽ። በእኔ ቦታ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ፋሁ ጠይቃለች።»

ልጅቷ ቁልፉን እንዳቀፈች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ አንዱ ዛጎል ጉንጬን ጫረኝ፣ ምልክቱ እስከ ረቡዕ አልጠፋም።

«ሳቴኪ» አልኩ ድንገት። ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው ፊት በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «ማንም አላባረረኝም። የሚስተር ካርሜኑን ቤት ልገዛ ነው፣ ስሜ ያንተ ቤት ውስጥ ስላለ ከለከሉኝ። እንዳትጨነቅ ብዬ ዝም አልኩህ። ጅል ነኝ።»

ሳቴኪ አንዴ እኔን፣ አንዴ መሬቱን ያያል።

«እትዬ፣ ፌሌቲ… አላስቸገረዎትም ማለት ነው?» አለኝ።

«እኔ?» አለ ፌሌቲ አሳማ እንደጎረሰ። «እሷ እኔን ካላባረረች እኔ እሷን የማባርርበት አቅም አለኝ?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሳቴኪ በሰዉ መሀል ሰንጥቆ ሄደና ፌሌቲን ከወንበሩ አንስቶ አቀፈው። ወንድሜ ትልቅ ሰው ነው፤ የፌሌቲ እግር መሬት ለቀቀ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ስቀብርህ ነበር» አለው።

«ጭላጩ ላይ ነው ያወቅሁት» አለ ፌሌቲ።

ከዚያ ዘፈን ተነሳ። ቶኪሉፔ እንደ ልማዳችን ክንዷን ዘይት ተቀብታ ጨፈረች፤ እኔ ከጎኗ እየዘለልኩ፣ እየተንጋደድኩ አጀብኳት፣ የአክስት ሥራ ነው። ዞር ስል ሳቴኪን አየሁት። እኔ ባለሁበት ጨፍሮ የማያውቅ ሰው፣ ለክብር ወገቡ ላይ የታጠቀው ሰሌን እየተፈታ፣ እንባው እየወረደ ይጨፍራል። ሌሲየሊ ሰሌኑን ይዛ ከኋላው ትሮጣለች።

ባንክ ቤት እንደ ድግስ ቶሎ አያልቅም፤ ወሩ አለፈ። ሚስተር ካርሜኑ ደላላ አልጠሩም። «የወሩን መጨረሻ አልሰማሁም» አሉኝ። ቶኪሉፔ ፈረመች፣ ስሜ ወጣ፣ ያ ጎረምሳም እኔን ሲያይ ገና ከበሩ ፈገግ ማለት ለመደ። ሽማግሌው ሲሄዱ በለሱን መታ መታ አድርገው ቱቦውን ሰጡኝ። «ጎደሬውን በደንብ አጠጪው» አሉኝ፣ ስለ በለሱ ምንም አላሉም።

ቤቱ የእኛ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳቴኪ መጣ። መኪናው ጣሪያ ላይ ያንን አልጋ ጭኖታል።

«ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ ገዛሁ፣ ይሄ አልገባ አለ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ለእንግዳ ይሆንዎታል።» የተረፈውንም ቢጫ ቀለም ይዞ ነበር።

አልጋውን ትንሿ ክፍል ውስጥ አስገባነው። እሱ ከሄደ በኋላ ቀለሙን ከፍቼ ግድግዳውን ቀባሁት። ፌሌቲ የመሣሪያ ሣጥኑን አቅፎ በሩ ላይ መጣ።

«ጥሩ ሆነች። መሣሪያዬን አስገባባታለሁ» አለ።

«አይሆንም።»

«ታዲያ ማን ሊተኛባት ነው?»

«የሳቴኪ ክፍል ናት።»

«ሳቴኪ እኮ ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አንድ ቀን እዚህ አያድርም።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ጫማህን አውልቅ፣ ግድግዳውንም እንዳትነካ፤ ገና አልደረቀም።»